ከባሌስትራ ማጭድ፦ የገጠር ቀጥቃጭ ሥራ ከምድጃው እስከ ስለቱ

ገበሬ ያለ ቀጥቃጭ አያርስም፣ አያጭድም። ማረሻው፣ ወገሉ፣ ማጭዱ፣ መጥረቢያው፣ ዶማው ሁሉ ከአንድ ምድጃ ይወጣል። ይህ ሆኖ ሳለ ባለሙያው በአገራችን ለረጅም ዘመን ርስት ተነፍጎ፣ «ቡዳ» እየተባለ፣ ከሰፈር ገለል ብሎ እንዲኖር ተደርጓል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። በጎንደር ዙሪያ ብረት ሲቀጠቅጡና ሸክላ ሲሠሩ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን እስከ 1983ቱ ዘመቻ ሰለሞን ድረስ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ በእጃቸው የነበረው ዕውቀት ብዙው አብሯቸው ሄደ። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ በእጅ የሚተላለፍ እንጂ በጽሑፍ የተቀመጠ ስላልሆነ፣ አንድ ቀጥቃጭ ያለ ተተኪ ባለፈ ቁጥር የሚጎድለው ቀላል አይደለም። ይህን መመሪያ ዘርዘር አድርጌ የጻፍኩት ለዚያ ነው።

ለመማሪያ የመረጥኩት ማጭድ ነው። ትንሽ ቢመስልም ማሾል፣ ማሳሳት፣ ማጉበጥና ማጠንከር ሁሉም በእርሱ ውስጥ አሉ። ማጭድ አስተካክሎ የሠራ ሰው ቢላዋና መጥረቢያ አያቅተውም። ማረሻ የራሱ ጠባይ ስላለው ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ።

ቦታውን መምረጥ

የቀጥቃጭ ቤት ጨለም ማለት አለበት። የጋለ ብረት ሙቀቱን የሚናገረው በቀለሙ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ሲያዩት ጥቁር የሚመስል ብረት በጥላ ውስጥ ቀይ ሆኖ ይታያል። ሜዳ ላይ የሚሠራ ጀማሪ ቀለሙ ስለማይታየው ብረቱን ከልክ በላይ ያግላል፣ ያቃጥለዋልም። ስለዚህ ከላይ የተከደነ፣ በሁለት ወገን ክፍት የሆነ ዳስ ይሥሩ። ከሣር ክዳን ይልቅ ቆርቆሮ ይሻላል፤ ፍንጣሪ ወደ ላይ ይወጣልና። ዙሪያውን ግን አይድፈኑት። የከሰል ጋዝ ጭሱ ባይታይም፣ ሽታው ባይታወቅም ይገድላል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ምድጃ ማንደድ በፍጹም አይሞከርም።

ምድጃና ወናፍ

የአገራችን ምድጃ መሬት ላይ የሚቆፈር ነው፤ ቀጥቃጩም ቁጭ ብሎ ይሠራል። አንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት፣ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ ይበቃል። ውስጡን ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ለስነው ለጥቂት ቀናት ያድርቁት፤ ከዚያም በትንሽ እሳት ቀስ እያሉ ያጥኑት። ሳይደርቅ ኃይለኛ እሳት ካገኘው ይሰነጠቃል።

ነፋሱን ወደ ፍሙ የሚያደርሰው የሸክላ ቧንቧ በአንድ ጎን ይገባል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቧንቧው ከጉድጓዱ ወለል አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ መግባት አለበት። ወለሉ ላይ ከተኛ አመድና የቀለጠ ቆሻሻ እየሞላ ይደፍነዋል፤ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ነፋሱ ከፍሙ በላይ ያልፍና ከሥር ያለው ከሰል ሥራ ፈት ይሆናል። የእሳቱ ልብ ከቧንቧው አፍ ትንሽ ራቅ ብሎ የሚገኘው ቦታ ነው፤ ብረቱ የሚቀመጠውም እዚያው እንጂ ቧንቧው አፍ ላይ አይደለም። አፉ ላይ ያልነደደ ነፋስ ስለሚመታው ብረቱ ሳይግል ቅርፊት (ገጹ ላይ የሚፈጠር ጥቁር ልጣጭ) ብቻ ያወጣል።

ወናፉ ሁለት የፍየል ቆዳ ነው፤ ሆዱ ሳይሰነጠቅ እንደ ስልቻ የተገፈፈ። በአንገቱ በኩል ቧንቧ ገብቶ በጠፍር ይታሰራል። በኋላው ሰፊ አፍ ላይ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ይሰፋሉ፤ በእንጨቶቹ ላይ አንድ ማንገቻ ለአውራ ጣት፣ ሌላ ማንገቻ ለቀሩት ጣቶች ይበጃል። ነፊው እጁን ከፍቶ ቆዳውን ወደ ላይ ያነሳል፣ አፉን ይዘጋል፣ ወደ ታች ይጫናል። አንዱ እጅ ሲነሳ ሌላው ይጫናል፤ ነፋሱ የማይቋረጠው በዚህ ነው። የወናፉ ቧንቧ ከሸክላው ቧንቧ ጋር እንዳይጣበቅ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተዉለት። ነፊው የወናፉን አፍ ሳይከፍት ቆዳውን ካነሳው ወናፉ ከፍሙ ትኩስ አየር ስለሚስብ ቆዳው ከውስጥ ይቃጠላል፤ ክፍተቱ ከዚህ ይጠብቃል። ቆዳው እንዳይደርቅ በየጊዜው ሞራ ወይም ቅቤ ይቀቡት።

ወናፍ ማግኘት ካስቸገረ በእጅ የሚዞር ማራገቢያ ይሠራል፤ ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ በቀበቶ የሚዞሩም አሉ። ነውር የለበትም፤ ከሰል ይቆጥባል፣ ረዳትም አያደክምም። ለተማሪ ግን ወናፍን እመርጣለሁ። እሳት እንዴት እንደሚተነፍስ በእጁ የተማረ ሰው መዶሻ ሲይዝ ብረቱን አያቃጥልም። ተማሪን ከመጀመሪያው ቀን መዶሻ ማስያዝ ጉጉቱን ያረካል እንጂ ሙያውን አያስተምረውም።

ከሰሉ

ከጠንካራ እንጨት የተከሰለ፣ በደንብ የደረቀ ይሁን። የግራርና የወይራ ከሰል ይጸናል። የባሕር ዛፍ ከሰል በቶሎ ያልቃል፣ ሌላ ከሌለ ግን ያሠራል። ከሰሉን ሰብረው የእንቁላል መጠን ያድርጉት፤ ደቃቁን ነፍተው ያውጡ፤ ደቃቅ ከሰል ነፋሱን ያፍነዋልና። በሥራ መካከል የምድጃውን ዳር በትንሽ ውሃ ይርጩ። እሳቱ ወደ ጎን ሳይሰፋ መካከል ላይ እንዲያተኩር ያደርጋል፤ የከሰሉን ወጪም በእጅጉ ይቀንሳል።

መሣሪያዎች

አራት ነገር ይበቃል፦ መስፍ (ብረቱ ተቀምጦ የሚቀጠቀጥበት)፣ መዶሻ፣ ጉጠት (የጋለ ብረት መያዣ) እና መሮ (ብረት መቁረጫ)። ለመስፍ የተቆረጠ የባቡር ሐዲድ ወይም የከባድ መኪና አክስል ቁራጭ በወፍራም ግንድ ላይ ተተክሎ ያገለግላል። ቆመው የሚሠሩ ከሆነ ከፍታው እጅዎ ወደ ታች ተዘርግቶ የተጨበጠው ቡጢዎ የሚደርስበት ይሁን። አንድ ኪሎ ያህል የሚመዝን መዶሻ ለማጭድ በቂ ነው። ለወፍራም ብረት ትልቁን መዶሻ ረዳት ይይዛል፤ ባለሙያው በትንሿ መዶሻ ቦታውን ያሳያል፣ ረዳቱ እዚያው ላይ ያሳርፋል።

ልብስ የጥጥ ይሁን። ናይለን ፍንጣሪ ሲነካው ቀልጦ ከቆዳ ጋር ይጣበቃል። ጫማ የተዘጋ፣ ዓይን በመነጽር የተሸፈነ ይሁን። ጥቁር ሆኖ የተቀመጠ ብረት ሁሉ ቀዝቅዟል ብለው አይመኑ፤ ከማንሳትዎ በፊት የእጅዎን ጀርባ ቀረብ አድርገው ሙቀቱን ይሞክሩት።

ብረቱን ማወቅ

ስለት የሚይዝ ብረት ካርቦኑ በቂ የሆነ ነው። የመኪና ባሌስትራ (ከመኪናው ሥር ክብደት የሚሸከመው ጠፍጣፋ የብረት ሞላ) ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን ስላለው ለማጭድ፣ ለቢላዋና ለመጥረቢያ ከሚገኘው ሁሉ ይሻላል። የግንባታ ፌሮ ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ለጉጠት፣ ለወገልና ለመንጠቆ ይሆናል፤ ማጭድ ቢሠሩበት በቶሎ ይዶለዱማል። በቀጥታ ቀልጦ የተቀዳ የብረት ዕቃ፣ ለምሳሌ የአሮጌ ሞተር አካል፣ አይቀጠቀጥም፤ መዶሻ ሲያርፍበት ይፈረካከሳል።

ምንነቱን የማያውቁት ቁራጭ ሲገጥምዎት እንዲህ ይፈትኑት። ጫፉን ሁለት ጣት ያህል ደማቅ ቀይ እስኪሆን ያግሉት፤ ወዲያው ውሃ ውስጥ ይክተቱት። ሲቀዘቅዝ መስፉ ጠርዝ ላይ አሳርፈው፣ ዓይንዎን ጠብቀው፣ በመዶሻ ይምቱት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ የሚጠነክር ብረት ነው፤ ከታጠፈ ለስለት አይሆንም። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ፈተና የሙሉ ቀን ድካምን ያድናል።

ሁለት ነገር ምድጃ ውስጥ አይግባ። አንደኛው ዚንክ የተቀባ ብረት ነው፤ ሲግል የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያስከትላል። ሁለተኛው ሁለቱም ጫፉ የተደፈነ ቱቦ ወይም የመኪና ሾክ አብዞርበር ነው። ውስጡ የታፈነው አየር ወይም ዘይት ሲሞቅ ይፈነዳል፤ ሰውም ይገድላል።

ቀለሙን ማንበብ

ብረት ጥቁር ቀይ ሲሆን ሙቀቱ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ደማቅ ቀይ ሲሆን 800 አካባቢ፣ ብርቱካናማ ሲሆን 950፣ ቢጫ ሲሆን ደግሞ 1100 ይደርሳል። ነጭ ሆኖ እንደ ርችት ፍንጣሪ መትፋት ከጀመረ ተቃጥሏል፤ የተቃጠለውን ክፍል ቆርጦ ከመጣል በቀር መድኃኒት የለውም።

ባሌስትራ የሚቀጠቀጠው ከቢጫ እስከ ደማቅ ቀይ ባለው መካከል ነው። ጥቁር ቀይ ሲሆን መዶሻውን ያስቀምጡና ብረቱን ወደ እሳት ይመልሱ። «አንድ ምት ብቻ ልጨምር» ብሎ በቀዘቀዘ ብረት ላይ መምታት ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያስገባል። ስንጥቁም ተደብቆ ቆይቶ ውሃ ወይም ዘይት ሲነካው ይገለጣል።

ማጭዱን መቀጥቀጥ

ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ካለው ባሌስትራ ርዝመቱ 20፣ ስፋቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዘንግ ያውጡ። ባሌስትራውን ብርቱካናማ እስኪሆን አግለው በመሮ መስመሩን ይከተሉ። ከሁለት ሦስተኛው በላይ ሲገባ ገልብጠው በሌላው ወገን ይጨርሱ። መሮው እንዳይለዝብ ከየምቱ በኋላ ውሃ ያስነኩት።

መጀመሪያ የሚሠራው እጀታ ውስጥ የሚገባው ሹል ጭራ ነው። ምክንያቱም ጭራው ካለቀ በኋላ በጉጠት የሚያዘው እርሱ ስለሆነ ሌላው ሥራ ይቀላል። የዘንጉን አንድ ጫፍ አራት ጣት ያህል ቢጫ እስኪሆን ያግሉ፤ በአራቱም ገጽ እያገላበጡ ወደ ጫፍ እየቀጠነ የሚሄድ አራት ማዕዘን ያድርጉት። ክብ አያድርጉት፤ ክብ ጭራ እጀታው ውስጥ ይሽከረከራል።

ከዚያ ስለቱ ይረዝማል። ከጭራው ሥር ጀምረው ወደ ጫፍ እያሳሱ ይሂዱ። ርዝመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ ይበቃል። ጀርባው ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይቅር፣ ጫፉ ይሹል። ብረቱን ከእሳት ባወጡ ቁጥር ቅርፊቱን በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉ፤ ቅርፊት ላይ ከተመታ ብረቱ ውስጥ ይቀበርና ገጹን ያጎደጉደዋል።

አሁን ማጉበጥ ነው፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የሚያጭደው የውስጠኛው ጠርዝ ነው። ያንን ጠርዝ ለማሳሳት ሲቀጠቅጡት ይረዝማል፤ ሲረዝም ደግሞ ማጭዱን ወደ ውጭ ይገፋውና ጉብጠቱ ይከፈታል። ስለዚህ በቅድሚያ ከሚፈልጉት በላይ ጠበቅ አድርገው ያጉብጡት። ጠርዙን እያሳሱ ሲሄዱ በራሱ ጊዜ ተከፍቶ ወደ ልኩ ይመጣል። አስቀድሞ ልኩን የያዘ ማጭድ ጠርዙ ሲሳሳ ቆልማማነቱን ያጣል፤ ያን ጊዜ መልሶ ማጉበጥ የሳሳውን ስለት ያጨማድደዋል። ጠርዙ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች አይውረድ፤ በጣም የሳሳ ስለት ሲጠነክር ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

ቅርጹ ሲያልቅ ብረቱን ያሳርፉት። ደማቅ ቀይ አድርገው ነፋስ በሌለበት ቦታ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። ይህን ሦስት ጊዜ ይድገሙት። መዶሻው የፈጠረው መወጣጠር በዚህ ይረግባል። ጊዜ አባካኝ ቢመስልም አይዝለሉት።

ጥርስ ማውጣት

ጤፍና ስንዴ ለማጨድ ጥርስ ያለው ማጭድ የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ ቀጭን አገዳ ከጥርስ አያመልጥምና። ጥርሱ የሚወጣው ብረቱ ቀዝቅዞ፣ ገና ሳይጠነክር ነው። በትንሽ ስል መሮ ከስለቱ በአንደኛው ገጽ ላይ ብቻ፣ ወደ እጀታው ዘንበል ያሉ ጥቃቅን መስመሮችን አቀራርበው ይምቱ። ማጭድ የሚሠራው ወደ ራስ በመሳብ ስለሆነ ጥርሱም ወደዚያው ያዘነብላል። ሌላው ገጽ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ለገበሬው ሲያስረክቡ በልሙጡ ገጽ በኩል ብቻ እንዲስለው ይንገሩት፤ እንዲህ ከተሳለ ጥርሱ እያደር ራሱን ያድሳል። በጥርሱ በኩል ከተሳለ ግን ሳይቆይ ይጠፋል።

ማጠንከርና ማለዘብ

እስከ አሁን ያለው ሥራ ቢበላሽ ይስተካከላል። ይህ ግን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የሚወሰን ነው።

ባሌስትራን በቀዝቃዛ ውሃ አታጠንክሩ ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። ውሃ ሙቀቱን በጣም በፍጥነት ስለሚወስደው ቀጭን ስለት ይሰነጥቃል። ዘይት ቀስ ብሎ ያቀዘቅዛል፣ ለዚህ ብረት ልኩም እርሱ ነው። የምግብ ዘይት ይበቃል፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጭሱ መርዛም ነው። ዘይቱን ማጭዱን ሙሉ በሙሉ በሚያሰጥም የብረት ገንዳ ውስጥ ያድርጉ፤ የጋለ ቁራጭ ብረት ከትተው ወደ 60 ዲግሪ ያሙቁት። ለብ ያለ ዘይት ቀጥኖ ስለሚዘዋወር ከቀዝቃዛው ይልቅ እኩል ያጠነክራል። ዘይቱ ሊነድ ይችላልና የገንዳውን ክዳን አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ እሳት ቢይዘው በክዳን ያፍኑት እንጂ ውሃ አይድፉበት።

ማጭዱን በለስላሳ ነፋስ ወደፊትና ወደኋላ እያንሸራተቱ ከጭራው ሥር እስከ ጫፍ እኩል ያግሉት። ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ ይግላል፤ ከእሳቱ ልብ ወጣ እያደረጉ ይጠብቁት። ትክክለኛውን ሙቀት ለማወቅ ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በሽቦ አንጠልጥለው ያስጠጉ። ብረት 770 ዲግሪ ሲደርስ በማግኔት መሳቡ ይቀራል። ማግኔቱ በየትኛውም ቦታ አልያዝ ሲል ጥቂት ብቻ ጨምረው ያግሉት፣ ከዚያ ሳይዘገዩ ስለቱን ወደ ታች አድርገው ዘይቱ ውስጥ ቀጥ አድርገው ይክተቱት። ወደ ጎን አያወዛውዙት፤ ይጣመማል።

ሲቀዘቅዝ ሞረድ ይሞክሩበት። ሞረዱ ሳይነክስ እንደ መስታወት ላይ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ከነከሰ ሙቀቱ አልደረሰም ማለት ነውና ይደገማል።

በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ማጭድ መሬት ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል፤ ስለዚህ በዚያው ዕለት ይለዝባል። አንዱን ገጽ በአሸዋ ወረቀት እስኪያበራ ይጥረጉ። ወፍራም ብረት አግለው የማጭዱን ጀርባ ያሳርፉበትና ቀለሙን ይከታተሉ። ከጀርባው ተነስቶ መጀመሪያ ገለባማ ቢጫ ይመጣል፤ ይህ 230 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀጥሎ ቡናማ ይመጣል፣ 250 አካባቢ፤ ከዚያ ሐምራዊ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ፣ ወደ 300 ዲግሪ። ለማጭድ ስለቱ ላይ ቡናማ ሲደርስ ማንሳት ነው። መሬቱ ድንጋያማ በሆነበት አካባቢ ሐምራዊ እስኪሆን ይጠብቁ፤ ቶሎ ቢዶለዱምም አይሸረፍም። ቀለሙ አንዳንዴ በአንድ ቦታ ይሮጣል፣ በሌላው ይዘገያል፤ ማጭዱን በጋለው ብረት ላይ እያንቀሳቀሱ ያስተካክሉት።

እጀታው

ወይራ ወይም ዋንዛ፣ የደረቀ። ከጭራው በቀጠነ ብረት ይብሱት፤ ከዚያ ጭራውን ብቻ ትንሽ አግለው አቃጥሎ እንዲገባ ይግፉት፤ ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ነው፣ አለበለዚያ የለዘበው ይበልጥ ይለዝባል። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ በአፉ ላይ የብረት ቀለበት ይግባበት።

ማረሻ ሲመጣ

ማጭድ ከጥቅምት በፊት፣ ማረሻ ደግሞ ከበልግና ከክረምት እርሻ በፊት ወደ ምድጃ ይመጣል። ክፍያው ድሮ በአዝመራ ጊዜ በእህል ነበር፤ ዛሬ በአመዛኙ በብር ነው።

ማረሻ የሚመጣው ጫፉ አልቆ ነው። ጫፉን ግማሽ ስንዝር ያህል ቢጫ እስኪሆን አግለው፣ ከወፍራሙ ክፍል ወደ ፊት እየሳቡ ያሹሉት። የማጭድን ያህል ማሳሳት አያስፈልግም፤ መካከሉ ላይ ያለው ጀርባ ካልቀረ በመጀመሪያው ድንጋይ ይታጠፋል።

በጣም አጥሮ ከሆነ ከባሌስትራ ቁራጭ ይቀጠልበታል። የሁለቱንም ገጽ ሰያፍ አድርገው ያሳሱ፣ ንጹሕ ደቃቅ አሸዋ ይነስንሱበት፤ አሸዋው ቀልጦ ቅርፊቱን ያጥባል። ገጹ ነጭ ሊሆን ሲል፣ ፍንጣሪ ከመጀመሩ በፊት፣ አነባብረው በፈጣንና ቀላል ምት ያያይዙት። የመጀመሪያዎቹ ምቶች ከከበዱ ብረቶቹ ይንሸራተታሉ። መብራት ባለበት ቦታ በብየዳ ማያያዝ ይቻላል፤ ብየዳው ግን ላይ ላዩን ብቻ እንዳይሆን ጠርዙ አስቀድሞ ሰያፍ ይደረግ። የተቀጠለው ባሌስትራ ከሆነ ጫፉን ሁለት ጣት ያህል ብቻ በዘይት አጠንክረው እስከ ሰማያዊ ያለዝቡት፤ የቀረው የማረሻ አካል ለስላሳ እንደሆነ ይቅር።

ገበሬው ማረሻውን ብቻ ሳይሆን እርፉንም ይዞ እንዲመጣ ይንገሩት። ሰክተው ሲያዩት ካወላወለ ጉንጩን፣ ማለትም እርፉ የሚገባበትን የማረሻውን ክፍል፣ አግለው እርፉን ልክ እስኪይዝ ድረስ በመዶሻ ይዝጉት። በእንጨት ሽብልቅ አጥብቆ መስደድ ለአንድ ትልም እንጂ ለአንድ ክረምት አይሆንም።